«ደመወዝ፦ በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ተብሎ ሥራ አይመረጥም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የሥራ ጥሪ የደረሰው ወጣት በቤተሰቡም ሆነ በጎረቤቱ ዘንድ እንደ ዕድለኛ ይቆጠራል፤ በእርግጥም ዕድለኛ ነው። እኔ በጎንደር ከተማ ለረጅም ዓመታት በሠራተኛ አስተዳደር ሙያ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሁለት የቅጥር ጥሪ ይዘው «ጋሼ፣ የትኛውን ልያዝ?» እያሉ ወደ ቤቴ የሚመጡ ልጆች አልጠፉም፤ ከእነርሱ ጋር ስነጋገርም ደጋግሜ ያስተዋልኩት ነገር፣ በእጃቸው ያለው ሁለት የደመወዝ አሃዝ ብቻ መሆኑን ነው። ሥራው በየቀኑ ምን እንደሚያሠራ፣ የሚመደቡበት ቦታ የት እንደሆነ፣ ከተነገራቸው ደመወዝ ምን ያህሉ እጃቸው እንደሚገባ፣ ውሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጸና አያውቁም። አንዳንዶቹ ለመጠየቅ አፍረው ነው፤ አብዛኞቹ ግን ጠይቀው የሚመልስላቸው ስላላገኙ ነው። አሠሪዎች የሚያቀርቡትን ሥራ ከነሙሉ ይዘቱ በጽሑፍ አስቀምጠው፣ ለማሰቢያም በቂ ቀን ሰጥተው እስካልጠሩ ድረስ ልጆቻችን ሥራ መረጡ ሊባል አይችልም ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ጋዜጣችሁ ጭምር በጉዳዩ ድርሻ ስላለው ነው።

አስቀድሜ ስለ እኛ ስለ ወላጆች አንድ ነገር ልበል። የእኔ ትውልድ በዚህ ነገር ላይ ጥሩ አማካሪ ለመሆን ይቸግረዋል፤ ምክንያቱም እኛ ራሳችን በሁለት ጥሪ መካከል ቆመን አናውቅም። በደርግ ዘመን ከከፍተኛ ትምህርት ተቋም የወጣ ሰው በመንግሥት ይመደብ ነበር። መነሻው በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በሆነው በዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚያ ዘመን የተማሩ ጓደኞቼ የምደባ ደብዳቤያቸውን ተቀብለው ወደ ተባሉበት አውራጃ ሄዱ፤ ደመወዙም በእርከን የተወሰነ ስለነበር የሚያወዳድሩት ነገር አልነበረም። ከዚያ ልማድ የወረስነው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው፦ «የመንግሥት ነው?» እና «ስንት ይከፈላል?»። ልጆቻችን ዛሬ ሲያማክሩን የምንመልስላቸውም እነዚህኑ ሁለት ጥያቄዎች ነው። ጥያቄዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ነገር ግን ለዛሬው የሥራ ገበያ አይበቁም።

በቅርቡ የገጠመኝን አንድ ጉዳይ በዝርዝር ልግለጽ። የጎረቤቴ ልጅ በሒሳብ አያያዝ ዲግሪዋን ይዛ ሥራ ስትፈልግ ከቆየች በኋላ ሁለት ጥሪ ደረሳት። አንደኛው አዲስ አበባ ከሚገኝ የግል አስመጪ ድርጅት ሲሆን በስልክ «18,000 ብር እንከፍልሻለን» ተባለች፤ ሁለተኛው እዚሁ ጎንደር ከሚገኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን ደመወዙ 11,500 ብር ነው። ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። አጎቷ የ6,500 ብር ልዩነት በዓመት ሲባዛ ስንት እንደሚሆን አስልተው አዲስ አበባ እንድትሄድ ቆርጠው ተናገሩ። እናቷ ደግሞ የመንግሥት ሥራ ጡረታ አለው፣ የግሉ ነገ ቢዘጋስ ብለው ተቃወሙ። ልጅቱ በሁለቱ መካከል ተጨንቃ ነበር ወደ እኔ የመጣችው።

በመጀመሪያ ያደረግነው ነገር ወረቀት አውጥተን የተጣራውን ደመወዝ ማስላት ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከወር ደመወዝ ውስጥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ እየጀመረ በየደረጃው ከፍ ይልና ከ14,000 ብር በላይ የሆነው ክፍል 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በዚህ ስሌት ከ18,000 ብር ላይ ግብሩ 4,250 ብር፣ ሠራተኛው የሚያዋጣው የ7 በመቶ ጡረታ ደግሞ 1,260 ብር ስለሚሆን ኪሷ የሚገባው 12,490 ብር ነው። ከ11,500 ብር ላይ ግብሩ 2,100 ብር፣ ጡረታው 805 ብር ሆኖ የሚቀረው 8,595 ብር ነው። አጎቷ 6,500 ብር ያሉት ልዩነት እጅ ላይ ሲደርስ 3,895 ብር ሆነ። በጎንደር የምታድረው እናቷ ቤት ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር በጋራ ለመከራየት የተስማማችበት ክፍል የእርሷ ድርሻ ብቻ በወር 4,000 ብር ሲሆን አከራዩም የሁለት ወር ቅድሚያ ጠይቀዋል። ታክሲና ምሳ ሳይታሰብ ልዩነቱ እዚያው አለቀ ማለት ነው። ይህን የሰሙት አጎቷ ለጊዜው ዝም አሉ፤ በእኔ በኩል ግን ነገሩ ያለቀ አልመሰለኝም ነበር፤ ሥራን በኪራይ ብቻ መመዘንም ያው በደመወዝ ብቻ እንደ መመዘን ነውና።

የእናቷን ሥጋት በተመለከተ በጎንደር ቤቶች እጅግ የተለመደ ስለሆነ እዚህ ላይ ሊስተካከል ይገባዋል። ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ መብት የነበረበት ጊዜ አልፏል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ከወጣ ጀምሮ የግል ድርጅት ተቀጣሪም በጡረታ ይታቀፋል፤ አዋጁ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። በሁለቱም ዘርፍ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ስለዚህ «ጡረታ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ የግሉን ከመንግሥት አይለይም። የሚለየው ድርጅቱ ሠራተኛውን በትክክል አስመዝግቦ መዋጮውን በየወሩ ማስገባቱና መዋጮው የሚሰላበት መሠረታዊ ደመወዝ ስንት መሆኑ ነው። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ሰው የማያስተውለው ስለሆነ በልጅቱ ጉዳይ ላይ የሆነውን ልቀጥል።

የአዲስ አበባውን ድርጅት የቅጥር ደብዳቤውን አስቀድሞ እንዲልክላት በትሕትና በጽሑፍ እንድትጠይቅ መከርኳት። መጀመሪያ «መጥተሽ ትፈርሚያለሽ» አሏት፤ እንደገና ስትጠይቅ ላኩላት። ደብዳቤው ሲነበብ 18,000 የተባለው ገንዘብ መሠረታዊ ደመወዙ 9,000 ብር ብቻ ሲሆን ቀሪው 9,000 ብር የቤትና የኃላፊነት አበል ሆኖ ተገኘ። አበሎቹ ግብር የሚከፈልባቸው ስለሆኑ ግብሩ ያው 4,250 ብር ነው፤ ጡረታው ግን የሚሰላው በመሠረታዊው ደመወዝ ላይ በመሆኑ የእርሷ ቅናሽ ወደ 630 ብር ወርዶ የተጣራው 13,120 ብር ሆነ። ላይ ላዩን ሲታይ ጥቅም ይመስላል። በሌላ በኩል በስሟ በየወሩ ለጡረታ የሚገባው የሁለቱ ወገን መዋጮ፣ ደመወዙ በሙሉ መሠረታዊ ቢሆን 3,240 ብር ይደርስ የነበረው፣ ወደ 1,620 ብር ወረደ። የትርፍ ሰዓት ክፍያም ሆነ ከሥራ ስትሰናበት የሚታሰብላት የስንብት ክፍያ በአብዛኛው አበልን አይቆጥሩም፤ ዓመታዊ ጭማሪም በአብዛኛው የሚታሰበው በመሠረታዊው ላይ ነው። ድርጅቱ ሕግ ጥሷል እያልኩ አይደለም። በስልክ የተነገራት አሃዝና በደብዳቤ የተጻፈው አሃዝ አንድ ሆነው ሳለ ትርጉማቸው ይህን ያህል ሊራራቅ እንደሚችል ልጅቱ ማወቅ የቻለችው ደብዳቤውን አስቀድማ ስላገኘች ብቻ ነው፤ ሻንጣዋን ይዛ አዲስ አበባ ከደረሰች በኋላ ብታየው ኖሮ ከመፈረም ሌላ ምርጫ አይኖራትም ነበር።

በመጨረሻ ልጅቱ የመረጠችው አዲስ አበባን ነው። እኔ ብሆን ጎንደርን እመርጥላት ነበር፤ ይህንንም ነግሬያት ነበር። እርሷ ግን ሁለቱን የሥራ ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጣ ያሳየችኝ ነገር አሳማኝ ነው። በጎንደሩ መሥሪያ ቤት የተሰጣት መደብ ዋና ተግባሩ የክፍያ ማዘዣ ማዘጋጀትና ሰነድ ማደራጀት ሲሆን፣ በግሉ ድርጅት ግን ወርኃዊ ሒሳብ መዝጋትን፣ ግብር ማስታወቅንና በዓመቱ መጨረሻ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተደነገጉትን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች ተከትሎ ለኦዲተር የሚቀርበውን የሒሳብ መግለጫ በማዘጋጀት መሳተፍን ይጨምራል። «ጋሼ፣ ለሁለት ዓመት ገንዘቡ ቢጎድልብኝም ሙያው ይቀርልኛል» አለችኝ። እናቷም የጡረታውን ነገር ከተረዱ በኋላ ያን ያህል አልተከራከሩም፤ የቀራቸው የናፍቆት ነገር ነበርና። ምርጫዋ ትክክል መሆን አለመሆኑን ጊዜ ያሳያል፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ምን እንደምትቀበልና ምን እንደምትተው አውቃ መወሰኗ ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱም በዚያው ቀን በጽሑፍ አመስግና እንደማትመጣ አሳወቀች፤ ይህን በማድረጓም ተጠባባቂ የነበረው ልጅ ወዲያውኑ ተጠራ።

ስለ ተጠባባቂው ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ስንቱ አንድ ሥራ አጥቶ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ሁለት ስላገኘው መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚሉ አንባቢዎች እንደሚኖሩ እገምታለሁ፤ አባባላቸውም ከልብ የመነጨ ስለሆነ አልንቀውም። ነገር ግን ሁለት ጥሪ ያለው ሰው መረጃ አጥቶ ሁለቱንም ይዞ ሲያመነታ ወይም በአንዱ ገብቶ በወሩ ሲለቅ፣ ወንበሩን ያጣው ሥራ ያልነበረው ያ ሌላው ልጅ ነው። በስልክ ከተነገረው የተለየ ሥራ ላይ ተመድቦ፣ ቅር ብሎት በሙከራ ጊዜው ጥሎ የሄደ ሠራተኛ በአሠሪዎችም ላይ ያደረሰውን የጊዜና የገንዘብ ኪሣራ በሥራ ዘመኔ በበቂ አይቻለሁ። ሙሉ ደብዳቤ ለሦስቱም ወገን ይጠቅማል።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ነው። ጥሪው ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ «በሦስት ቀን ውስጥ ኦርጅናል ማስረጃና ዋስ ይዘህ ቅረብ፤ ካልሆነ ተጠባባቂ እንጠራለን» የሚል ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ሊከብድ ቢችልም ይቻላል። ከጎንደር ግን አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው የፀጥታ ችግር ምክንያት በመኪና መጓዝ እንደ ቀድሞው በሐሳብህ ቀን የምትነሣበትና የምትደርስበት መንገድ አይደለም፤ ከአዘዞው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሳፈር ደግሞ ሥራ የሌለው ልጅ የአውሮፕላን ትኬት ከየት ያመጣል? ለሒሳብና ለገንዘብ ያዥ ሥራዎች የሚጠየቀው ዋስ ደግሞ ደመወዙ ከተቀጣሪው የማያንስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍና ብዙ ጊዜም እዚያው አዲስ አበባ የሚገኝ ሰው እንዲሆን ይፈለጋል። የጎንደር ልጅ እንዲህ ያለ ሰው በሦስት ቀን የሚያገኘው በዘመድ ብርታት ብቻ ነው። የቸኮለው አሠሪ ሥራ የሚጠብቀው መሆኑን እረዳለሁ፤ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ አመልካች መርጦ፣ ፈተና ሰጥቶ፣ ቃለ መጠይቅ አድርጎ ለመወሰን ወራት የወሰደ ድርጅት ግን ለተመረጠው ሰው አንድ ሳምንት ቢሰጥ ምን ያህል ይጎዳል? በእኔ ዕይታ የሦስት ቀኑ ገደብ ከሥራው አጣዳፊነት ይልቅ ሌላ ጥሪ ያለው ሰው እንዳያወዳድር ለመከልከል የሚያገለግልበት ጊዜ ይበዛል።

ይህ ጥድፊያ የሚያስከትለውን ለማሳየት አንድ ሌላ ልጅ የደረሰበትን በአጭሩ ልጥቀስ። በከተማችን በአንድ የግል ክሊኒክ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ይሠራ የነበረ ወጣት በመተማ መስመር ለሚገኝ የፕሮጀክት ሥራ ተወዳድሮ «አልፈሃል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ትጀምራለህ» የሚል የስልክ ጥሪ ደረሰው። ደመወዙ ከነበረው እጥፍ ስለነበር በደስታ በማግሥቱ መልቀቂያ አስገባ። ሳምንቱ አልፎ ሌላ ሳምንት ተተካ፤ ከዚያም የፕሮጀክቱ በጀት ስላልጸደቀ ቅጥሩ መቆሙ ተነገረው። ክሊኒኩ በቦታው ሌላ ሰው ቀጥሯል። ከሁለት ያጣ ጎመን የሚባለው በእርሱ ደረሰ። ልጁ የተሳሳተው በስልክ ቃል በመተማመኑ ነው ይባል ይሆናል፤ ሆኖም ሰውን ከነበረበት ሥራ የሚያስለቅቅ ቃል በስልክ የሚሰጥ አሠሪ ኃላፊነቱ ከልጁ ያነሰ ሊሆን አይገባም።

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠንና የስሌቱን ዘዴ፣ የአከፋፈሉን ሁኔታና ጊዜ እንዲሁም ውሉ የሚጸናበትን ዘመን ሊገልጽ እንደሚገባ ይደነግጋል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ እነዚህን ጉዳዮች ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ውልም በአዋጁ ለተዘረዘሩ ሁኔታዎች ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል፤ አሠሪውም ተስማሚ ሆኖ ካላገኘው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብተው ይችላል። በቋሚነት የሚሠራ ሰው የተሻለ ጥሪ ደርሶት ሲለቅ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። እንግዲህ በሥራ ላይ ያለ ሰው ማስጠንቀቂያውን የሚያስገባው የተፈረመ የቅጥር ደብዳቤ በእጁ ከገባ በኋላ መሆን አለበት፤ አዲሱ አሠሪም ይህን 30 ቀን አክብሮ የመጀመሪያውን የሥራ ቀን መቁረጥ ይኖርበታል። «ነገውኑ ካልጀመርክ» የሚል አሠሪ ሠራተኛውን ከቀድሞ አሠሪው ጋር በካሣ እንዲጠያየቅ ሊያደርገው ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ ከአንዱ ዘርፍ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው የሙከራ ጊዜውም ሆነ የአለቃቀቁ ሥርዓት እንደሚለያይ ልብ ማለት አለበት።

አሁን ወደ ጋዜጣችሁ ልምጣ። የሥራ ማስታወቂያ ገጻችሁ በጎንደር በእጅጉ የሚነበብ ነው፤ ጋዜጣውን መግዛት ያልቻሉት ሳይቀሩ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሥተው ይቀባበሉታል። ማስታወቂያዎቹ የትምህርት ደረጃውን፣ የሥራ ልምዱን፣ የዋሱን ዓይነትና የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን በዝርዝር ይጽፋሉ። ደመወዙ ጋ ሲደርሱ «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ወይም «በስምምነት» ብለው ያልፋሉ፤ የሥራ ቦታውን ደግሞ «ድርጅቱ በሚመድበው ማንኛውም ቦታ» ይሉታል። ድርጅቱ ስኬል ካለው ስኬሉ የታወቀ ነው ማለት ነው፤ የታወቀ ነገር በአንድ መስመር የማይጻፍበትን ምክንያት ለማግኘት ተቸግሬያለሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የመደቡን ደረጃና ደመወዝ በማስታወቂያቸው ላይ ሲያወጡ ኖረዋል፤ በዚህ የተጎዳ መሥሪያ ቤት አላየሁም። «በስምምነት» የሚለውም ቢሆን ስምምነት ሁለት ወገን የሚነጋገርበት ነው፤ ሥራ አጥ ሆኖ የመጣ ልጅና ድርጅት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ልጁ የሚጠይቀውን እንኳ አያውቅም፤ ዝቅ አድርጎ ከተናገረ ለዓመታት በዚያው ይቆያል፣ ከፍ ካደረገም ይታለፋል። ማስታወቂያ የገቢ ምንጫችሁ እንደሆነ አውቃለሁና ደመወዝ ያልጻፈውን ሁሉ መልሱ አልላችሁም። ከአስነጋሪዎቻችሁ ጋር ስትዋዋሉ መሠረታዊ ደመወዝን፣ አበልን፣ የሥራ ቦታንና የውሉን ዓይነት የሚጠይቅ አጭር ቅጽ ብታቀርቡላቸውና እነዚህን የሞሉትን በገጹ አናት ላይ ብታስቀድሟቸው ብዙዎቹ በራሳቸው ጊዜ እንደሚከተሉ አምናለሁ።

ለከተማዬ ለጎንደር አሠሪዎች ደግሞ የተለየ ነገር አለኝ። ልጆቻችን በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲያችን ተመርቀው ሲወጡ የተሻሉት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ ብለን እናማርራለን። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል እንደሚባለው ልጆቹም ቢሆኑ የሀገራቸውን ሥራ አሳንሰው የሚያዩበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ከላይ ያነሣኋት ልጅ ጎንደርን የተወችው በደመወዙ ምክንያት አልነበረም፤ ኪራይና ትራንስፖርት ሲቀነስ እዚህ የሚተርፋት ገንዘብ ከዚያ ያነሰ አልነበረም። የተወችው ከሥራው ይዘት በተጨማሪ የጎንደሩ ደብዳቤ በሁለት መስመር የመደቡን መጠሪያ፣ ዋና ተግባሩንና ደመወዙን ብቻ ጽፎ፣ ከዚያ መደብ ወዴት እንደሚታደግ፣ በስንት ዓመት እንደሆነ፣ ምን ሥልጠና እንደሚሰጥ አንዳች ስላልነገራት ነው። መሥሪያ ቤቱ የደረጃ ዕድገት መሰላል አለው፤ ሥልጠናም ይሰጣል፤ እኔ ስለማውቅ ነግሬያታለሁ፤ ግን የጡረተኛ ጎረቤት ቃል እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሊታመን አይችልም። በከተማችን ያሉ የግል ሆቴሎች፣ ክሊኒኮች፣ ፋብሪካዎችና ነጋዴዎችም በአብዛኛው የሚቀጥሩት በቃል ነው። ከአዲስ አበባ ጋር በብር መወዳደር ይከብዳቸው ይሆናል፤ በግልጽነት ለመወዳደር ግን ከአንድ ገጽ ወረቀት በላይ ወጪ የለበትም።

ስለዚህ የጎንደር አሠሪዎች ለመረጡት ሰው የሚሰጡት ደብዳቤ መሠረታዊ ደመወዙንና አበሉን ለይቶ፣ ከግብርና ከጡረታ በኋላ የሚቀረውን የተጣራ ክፍያ አስልቶ፣ የዕለት ተግባሩን በሦስትና በአራት ዓረፍተ ነገር ገልጾ፣ የሙከራውን ጊዜና ከዚያ በኋላ ያለውን የዕድገት መንገድ አመልክቶ፣ መልስ የሚጠበቅበትንም ቀን ቢያንስ ከሰባት ቀን በኋላ አድርጎ እንዲሆን እለምናለሁ። ሠራተኛ ሲለቃቸውም አዋጁ በግልጽ ያዘዘውን የሥራ ልምድ ማስረጃ ሳያጉላሉ ቢሰጡት መልካም ነው፤ ማስረጃው በመዘግየቱ ብቻ የተሻለውን ጥሪ ያጡ ልጆች አሉና። ለወጣቶቹ ደግሞ ደብዳቤ መጠየቅ ድፍረት ተደርጎ የሚቆጠርበት ምክንያት እንደሌለ በመንገር፣ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ አንብበው ግብሩንና ጡረታውን ማስላት ለሚከብዳቸው ሁሉ ቤቴ እንደ ወትሮው ክፍት መሆኑን በዚህ አጋጣሚ አሳውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሠራተኛ አስተዳደር ሙያ አገልግሎ ጡረታ የወጣ አንባቢያችሁ
ጎንደር፣ ማራኪ